ማውዙን የሚይዘው ሁሌ ያው ልጅ ነው፣ ምን ላድርግ?

የሳቢያኗ መምህርት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ 4ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አምና ትምህርት ቤታችን 14 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በስጦታ አግኝቶ ነበር። ክፍል ተዘጋጀ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ተቆለፈ። ምክንያቱ «ልጆች ይሰብሩታል» ነው። ዘንድሮ ለምኜ፣ ፈርሜ፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ተፈቀደልኝ።

ስንከፍተው አቧራው! የድሬን አቧራ የምታውቁ አይገርማችሁም፤ ስክሪኑ ላይ በጣት ስም ይጻፋል። ከ14ቱ 9ኙ ብቻ ተነሡ። ዊንዶውስ 7 ናቸው፣ ራማቸው (ጊዜያዊ ማስታወሻቸው) 2 ጊጋ። ቀናቸው በተከፈቱ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ኢንተርኔት የለም።

ልጆቼ 56 ናቸው። ግማሾቹን የስፖርት መምህሩ ሜዳ ይዞልኝ ይወጣል፣ 28ቱን እኔ አስገባለሁ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ልጅ፣ አንዱ ላይ አራት። የመጀመሪያ ቀን አንዱ ስክሪኑን በጣቱ ይጫናል፣ ደጋግሞ ይጫናል። «ቲቸር፣ ይሄ አይሠራም» አለኝ። የለመደው የእናቱን ስልክ ነው። ሌላዋ ማውዙን ከጠረጴዛ አንሥታ እንደ ሪሞት ወደ ስክሪኑ ታነጣጥራለች። ስቄ ሞትኩ።

አሁን ግን የማያስቅ ነገር መጣ። በየኮምፒውተሩ አንድ አለቃ ተፈጠረ። ቤቱ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ማውዙን ይይዛል፣ ሌሎቹ ከትከሻው በላይ ያያሉ። እናቷ ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ ልጅ አለችኝ። የገንዘብ መልስ ስትቆጥር ያደገች ስለሆነች ማባዛት ላይ የሚደርስባት የለም። እሷ በጆሮው «56 በል» ትለዋለች፣ እሱ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ለእሱ ነው። ማውዙን አንድ ቀን ነክታው አታውቅም። ይሄ ያንገበግበኛል።

ተራውን እንዴት ላስይዝ? ለእነዚህ አሮጌ ማሽኖች የሚሆን ሶፍትዌርስ አለ? አሁን ያለው አብሯቸው የመጣ አንድ የማባዛት ጨዋታ ብቻ ነው።

ፎርማት በታይዋን፦
እህቴ፣ ቀኑ የሚመለሰው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ ሞታ ነው። ሳንቲም የምታክል፣ ባለ 3 ቮልት፣ ሲአር 2032 በይ ይሰጡሻል። በጥፍር ትወጣለች።

ሶፍትዌሩ ጂኮምፕሪ ይባላል። ነጻ ነው፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ የተሠራ፣ ከ100 በላይ ጨዋታ አለው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ማውዝ አያያዝ የሚያለማምድም አለው፣ ለዚያች ሪሞት ለምትይዘው ልጅ። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ «ገባኝ» እንደማለት። የባቡር ጣቢያዋን በፈረንሳይኛ ለገሀር ለምትል ከተማ ፈረንሳይኛ ምን ይገርማል አቦ! ለሥዕል ደግሞ ተክስ ፔይንትን ጨምሪበት።

ዊንዶውስ 7ን ማይክሮሶፍት ከጥር 2012 ጀምሮ ትቶታል። በዊንዶውስ ፈንታ ቀለል ያለ ሊኑክስ ብታስጭኝ 2 ጊጋ ይበቃዋል፣ ጂኮምፕሪም ይሠራበታል። ኢንተርኔት የለንም ብለሽ ደግሞ አትዘናጊ፤ ቫይረስ በሰው ፍላሽ ነው የሚገባው። ሲፒዩውን (ሳጥኑን) ከወለል ላይ አንሺው፣ ጎኑን ከፍተሽ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ። የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ሳይመጣ! መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ንቀይ፤ ሲመለስ ትንሽ ቆይተሽ ሰኪ። ዕቃ የሚያቃጥለው አመጣጡ ነው።

ጡረተኛው ከጀጎል፦
ልጄ፣ ሐረር ውስጥ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። ኮምፒውተር በእኔ ጊዜ አልነበረም፤ ማይክሮስኮፕ ግን ነበረን፣ አንድ ለመላው ትምህርት ቤት። ያው ችግር ነው። ጉልበተኛው ዓይኑን ሰክቶ አይለቅም ነበር።

እኔ ያኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። የሚያየው አይናገርም፣ የሚናገረው አያይም። ባንቺ ቤት ማውዝ የያዘ አፉን ይዘጋል፣ መልሱን የሚናገር እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። ሦስተኛው ደብተር ላይ ይጽፋል። በየአምስት ደቂቃው ቆርቆሮ ምቺና አዙሪያቸው። የመጀመሪያውን ተራ ግን ቤቱ ምንም ለሌለው ልጅ ስጪ። ለአለቆቹ ከሰጠሽ የአምስት ደቂቃው ቆጠራ ላይ ይጨቃጨቁሻል።

አላሳምንም፦
ይቅርታ፣ ግን መጽሐፍ ለማይዳረሰው ተማሪ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል? ጠመኔና ሰሌዳ አይበቃም?

የሳቢያኗ መምህርት፦
@አላሳምንም፦ ሰሌዳውማ በሳምንት አራት ቀን አለ። ሰሌዳ ላይ ከ56 ልጅ የሚወጣው አንድ ነው። እዚህ በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ይሠራል። መጽሐፉ ግን እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም።

የሳቢያኗ መምህርት (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
ተመልሻለሁ። ባትሪዎቹን በራሴ ኪስ ገዛሁ፣ ቀኑ ወደ ኋላ መመለሱን ተወ። ጂኮምፕሪን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጫነልን፣ ሊኑክሱን ለክረምት አቆየነው። ጋሼ፣ የእርስዎን ሕግ ሞከርኩት። ቆርቆሮ አጣሁና የወተት ጣሳ በማንኪያ መታሁ። አለቃው ወዲያው «ቲቸር፣ አፌን ዘጉብኝ» ብሎ ከሰሰ። የቀፊራዋ ልጅ ማውዙን ስትይዝ እጇ ላብ በላብ ሆነ፣ ቀስቱ ስክሪኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ተጫነች። እሱ ተራው ደብተር ላይ መጻፍ ነው፤ መልሱን ያውቀዋል፣ መናገር አይችልም፣ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጣሳው ተመቶ አልለቅም አለች። እሷንም ተቆጣኋት።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ዓርብ ዕለት ቁልፉን የሚይዘው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ለቅሶ ሄዶ ክፍሉ ሳይከፈት ቀረ፣ 28 ልጅ በር ላይ አቁሜ መለስኩ። ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽልኝ ስል በደብዳቤ ጠይቂ ተባልኩ። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የጻፈ ካለ አጻጻፉን ይንገረኝ።