«ሕክምና ሳይደርሰው ቀርቶ ነው» ስለተባለው

ናርዶስ_ተረኛ፦ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። የትምህርት አማካሪ ነኝ ባይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ነርሲንግ የሚገባ ተማሪ ሕክምና ሳይደርሰው ቀርቶ ነው።» እኔ ደግሞ ከአዳር ወጥቼ እየሄድኩ ነው። ደሜ ፈላ። አንደኛ ምርጫዬ ነርሲንግ ነበር። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ የደም ሥሯ ጠፍቶ ሦስት ሰው ወግቶ አቃተው። አንዲት ሲስተር መጥታ ክንዷን በሞቀ ፎጣ ጠቅልላ፣ ትንሽ ጠብቃ፣ በአንዴ አገኘችው። በእሷ ምክንያት ነው የገባሁት።

ሀቁን_ተናገር፦ ታሪክሽ ደስ ይላል እህቴ። ግን ሰውዬው ምን አጠፋ? እኔ ሕክምና ሞልቼ ነርሲንግ ነው የደረሰኝ። ሳምንት ሙሉ አኩርፌ ነበር። ይኸው ሰባት ዓመት ሠራሁ።

የፒያሳው፦ «የደረሰኝ»! ሎተሪ ነው እንዴ?

ሀቁን_ተናገር፦ ምደባ ሎተሪ ካልሆነ ምንድነው?

ጋሽ_መዝገቡ፦ ልጆች፣ የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስ የሆኑት ሕክምና ሳይደርሳቸው ቀርቶ ነው? ጦር ኃይሎች ሆስፒታል እኮ መጀመሪያ በእሳቸው ስም ነበር።

የፒያሳው፦ ጋሼ፣ ልዕልቷን አከራይ በር እያንኳኳ ኪራይ አልጠየቃቸውም።

ጋሽ_መዝገቡ፦ ስደት ላይ ነበሩ አንተ! ታሪክ አንብብ።

ሚሚ_ቨርጂኒያ፦ እውነቱን ላውራ? ብዙዎቻችን ለመውጣት ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ በሲኤንኤ፣ በነርስ ረዳትነት ነው የጀመርኩት፣ የአዛውንት ገላ እያጠብኩ። የነርስ ፈቃድ ፈተናውን ኤንክሌክስን ካለፍሽ በኋላ ግን ሥራው ራሱ ነው የሚለምንሽ። ታናሽ እህቴንም ነርሲንግ ግቢ ያልኳት ለዚሁ ነው። ምን ነውር አለው?

ናርዶስ_ተረኛ፦ ነውር የለውም ሚሚዬ። ግን እዚህ ለቀረነው «መውጣት አቅቷት ነው» የሚል ሌላ ስም አተረፈልን።

ብራዘር_አይደለሁም፦ ወንዶቹን ረሳችሁን። አብረን የተማርናት ልጅ ስትገባ «ሲስተር»፣ እኔ ስገባ «ዶክተር»። «ነርስ ነኝ እማማ» ስላቸው «አይዞህ ልጄ፣ ትደርስበታለህ» ይሉኛል።

የፒያሳው፦ ሃሃሃ፣ እማማም የሬዲዮው ሰውዬ ወገን ናቸው!

ኩኩ_12፦ እኔን የከነከነችኝ «ሳይደርሰው» የምትለዋ ናት። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ የወጣ ልጅ ነርሲንግ ስለገባ «ያልደረሰው» ይባላል? ምን ነው ያልደረሰው?

ሀቁን_ተናገር፦ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገብተው ያለፉትን ረሳሽ። የግል ኮሌጁንም አልቆጠርሽ።

ኩኩ_12፦ የግል ኮሌጅ ያልከው እኔን ነው? እናቴ እንጀራ ሸጣ ነው የከፈለችልኝ። የብቃት ምዘናውን ሲኦሲንም በአንዴ ነው ያለፍኩት።

ሀቁን_ተናገር፦ ኧረ ማን ስለ አንቺ አወራ?

ኩኩ_12፦ አወራህ እንጂ። ከፍ ብለህ የጻፍከውን አንብበው።

ጋሽ_መዝገቡ፦ አትጣሉ። ሙያው ጥሪ ነው።

ብራዘር_አይደለሁም፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይቺን «ጥሪ» አልወዳትም። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያው ደሞዝ ብሎ ሥራ ሲያቆም ይቺው ናት የተመዘዘችብን። ኪራይ ሲጨመርብን ግን ጥሪ ትዝ የሚለው ሰው አላየሁም።

ጋሽ_መዝገቡ፦ እኔ ደሞዝ አይጨመር አልኩ?

ብራዘር_አይደለሁም፦ አላሉም ጋሼ። ቃሏን ነው ያልኩት።

ናርዶስ_ተረኛ፦ ማታ ደግሞ ተረኛ ነኝ፣ ልተኛበት። ሀቁን፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ያህል ካኮረፍክ ለምን አልወጣህም?

ሀቁን_ተናገር፦ ወጪ መጋራት ነበረብኛ።

ኩኩ_12፦ ሰባት ዓመት ሙሉ?