«ንጉሥ ፍርድ ባይሰማ» ወይስ «ካልሰማ»?

መምህሩ ከደሴ፦
«የንጉሥ ምክር» የሚባለውን፣ ለንጉሥ የተጻፈውን የጥንት ባቢሎን ጽሑፍ፣ ለተማሪዎቼ ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ መጀመሪያው መስመር ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ነነዌ ከአሦር ንጉሥ ከአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት (ከክርስቶስ ልደት በፊት 7ኛው መቶ ዓመት) የተገኘው የሸክላ ጽሑፍ ነው፤ በባቢሎን ምድር ባለችው ከተማ በኒፑርም ሌላ ቅጂ ወጥቷል። «ንጉሥ ፍርድ ባይሰማ ሕዝቡ ይታወካል፣ አገሩ ባድማ ይሆናል» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ሰማችኝና «‹ባይሰማ›ማ ምናልባት ነው፤ ‹ካልሰማ› በል» አለች።
የባሰው ግን ሌላ ነው። ምክር ይባል እንጂ አንድ «አድርግ»፣ አንድ «ተው» የለበትም። ንጉሡን «አንተ» እንኳ አይለውም። ታዲያ ምክሩ የታለ?

ሐይቅ ዳር፦
መምህር፣ እኛ ሰፈር አንድ ሞራ ገላጭ ነበሩ። በግ ሲታረድ ሞራውን ወደ ብርሃን ዘርግተው ያያሉ እንጂ ባለቤቱን እንዲህ አድርግ አይሉትም። «እዚህ ጋ ደም አለ» ይሉና ዝም። የቀረውን ፍርሃት ሰውየው ራሱ ይጨርሰዋል። የባቢሎን ሊቃውንትም የበግ ጉበት ያነቡ ነበር፤ የገድ መጻሕፍታቸው «በግ አንበሳ ብትወልድ» እያሉ ነው የሚሄዱት። ይህ ጽሑፍ አነጋገሩን ወስዶ በአንበሳው ቦታ የንጉሡን ሥራ አስገባበት። ጸሐፊው አልገሠጸም፣ ምልክት አነበበ። አንገቱንም ያተረፈው በዚሁ ይመስለኛል።
«ባይ»ና «ካል» ላይ ደግሞ፣ የጽሑፉ አካድኛ (የጥንት ባቢሎናውያን ቋንቋ) መስመሩን ሲጀምር «ቢሆን» የሚል ቃል የለውም። «ንጉሥ ፍርድን አላዳመጠም፤ ሕዝቡ ይታወካል» ብሎ ነው የሚወርደው።

የወረኢሉዋ፦
የፈረሶቹን መስመር እንዳትዘሉት! ንጉሡ የሲፓርን፣ የኒፑርንና የባቢሎንን ሰው መኖ ለፈረሶቹ ካበላ፣ የበሉት ፈረሶች ራሳቸው ወደ ጠላት ቀንበር ይነዳሉ። የባቢሎንን ሰው ብር ወደ ግምጃ ቤቱ ካስገባም የባቢሎን አምላክ ማርዱክ ሀብቱን ለጠላቱ ይሰጥበታል። አያቴ እናቷ ቤት ስለገባው ተሠሪ (ሕዝቡ እንዲቀልበው የተመደበ) ወታደር ስታወራ «በቅሎው ጠገበች፣ እኛ ቆሎ ቆጠርን» ትላለች። ይህን ባነብላት ማብራሪያ አትጠይቀኝም።

መምህሩ ከደሴ፦
«አላዳመጠም» ይሁን፣ ተስማምቻለሁ። ግን ለምን እነዚያ ሦስት ከተሞች ብቻ?

ሐይቅ ዳር፦
ከግብርም ከጉልበት ሥራም ነፃ ነን የሚሉት እነሱ ስለሆኑ ነዋ። ሲፓር ሻማሽ፣ ኒፑር ኤንሊል፣ ባቢሎን ማርዱክ፤ ለእያንዳንዱ የሚበቀልለት አምላክ አለው። ጸሐፊው የተቆረቆረው ለከተሜው ነፃነት ነው፤ ለገባሩ ያዘነ አይመስለኝም።

የወረኢሉዋ፦
እንግዲያ ይቺን ለአያቴ አልነግራትም።