ማታ 2 ሰዓት ገብቶ በ20 ደቂቃ እራት፦ አዳማ፣ ለሁለት ሰው

ሁለት ላጤ (ጠያቂ)
ሰላም ለቤቱ። አዳማ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሁለት ልጆች ነን። የምንገባው ማታ 2 ሰዓት ስለሆነ እራታችን ወይ ኢንዶሚ ወይ ዳቦ በሻይ ሆኗል። ያለን ባለ አንድ ምድጃ የኤሌክትሪክ ስቶቭ፣ ሁለት ድስት፣ ከላይ ትንሽ በረዶ ቤት ያላት ፍሪጅ ነው። መብራት ይሄዳል ይመጣል። ነፃ የምንሆነው እሑድ ግማሽ ቀን ብቻ ነው።
እሑድ ምን ሠርተን ብናስቀምጥ ሳምንቱን ያደርሰናል? እንጀራውስ በዚህ ሙቀት በሦስተኛው ቀን እየሻገተ ነው፣ ምን ይሻላል? ደግሞ የግቢያችን እማማ በየሳምንቱ ሰሃን ሞልተው ይልኩልናል፤ ባዶውን መመለስ ከበደን። ጿሚ ናቸው። ምን እናድርግ?

ሙያ በልብ
ወጥ ሠርታችሁ አታስቀምጡ፣ ቁሌት ሥሩ። የእሑድ ወጥ ረቡዕ ላይ ይሰለቻል፤ ቁሌት ግን ያው አንዱ ለምስርም፣ ለሽሮም፣ ለፍርፍርም፣ ለእንቁላልም ይሆናል። ወጥ ላይ ጊዜ የሚበላው ሽንኩርቱ ነው እንጂ ሌላው አይደለም።

2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ዘይት ሳይገባ መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አቁላሉት። ከመቂ በኩል የመጣ አዲስ ሽንኩርት ከሆነ ውሃ ስለሚበዛበት 40 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ አትቸኩሉ። ውሃው ሳይመጥ ዘይት ከጨመራችሁ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፣ በኋላም ወጡ ውስጥ ለብቻው ሲንሳፈፍ ታዩታላችሁ። ድስቱን መያዝ ሲጀምር 400 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ 200 ግራም በርበሬ፣ ወዲያው ደግሞ ግማሽ ስኒ ሙቅ ውሃ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ በርበሬ በጋለ ዘይት ውስጥ ውሃ ሳያገኝ ትንሽ ከቆየ ያርራል፣ ያረረ በርበሬ ይመራል፣ ስኳርም ቲማቲምም አያድነውም። በትንሽ በትንሹ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ 20 ደቂቃ አብስሉት። ዘይቱ ከላይ ሲወጣ የተወቀጠ 2 ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ጨምራችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ አውርዱ።

ጨው አሁን አታድርጉ፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ወጡ ሲሠራ ቀምሳችሁ ጨምሩ። ቅቤም አይግባ፣ ለረቡዕና ዓርብ ይሁናችሁ። 10 ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ማታ ስትገቡ ምስር ከሆነ 1 ብርጭቆ ክክ ምስር በ3 ብርጭቆ ውሃ ጣዱ። ሲለሰልስ የቀዘቀዘውን ቁሌት እንዳለ ጣሉበት፣ 5 ደቂቃ። ቲማቲም ካማራችሁ ምስሩ ከበሰለ በኋላ ይሁን፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ምስሩ ቶሎ አይለሰልስም። ሽሮ ከሆነ 8 የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፣ በሌላ 2 ብርጭቆ ውሃ የፈላ ግማሽ ቁሌት ላይ እያማሰላችሁ አፍስሱ። ሽሮውን በደረቁ የፈላ ላይ ብትነሰንሱት ይጓጉላል። ምጥን ሽሮ በርበሬው ውስጡ ስለሆነ ሙሉ ቁሌት አይፈልግም። እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ 12 ደቂቃ፤ ከዚያ ካነሰ ጥሬ ጥሬ ይላል።

ጊዜ ቆጣቢ
ሙያ በልብ ጥሩ ብለዋል። አንድ ልጨምር፦ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭታችሁ ዘይት አፍስሱበትና በጠርሙስ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ፤ ወር ይቆያል።

በረዶ ቤት
ይቅርታ፣ የጠርሙሱን ነገር አታድርጉት። ዘይት ጥሬ ነጭ ሽንኩርትን አየር ይከለክለዋል፤ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ደግሞ አየር በሌለበት፣ ኮምጣጣ ባልሆነና በማይቀዘቅዝ ቦታ ነው መርዙን የሚሠራው። ሽታውም ቀለሙም ላይለወጥ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ በ4 ቀን ጨርሱት፣ ካልሆነ በበረዶ መያዣ ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት አስገቡት።

ቁሌቱንም ትኩሱን በላስቲክ አትቋጥሩ። ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሱት፣ ሲበርድ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍሪጅ ይግባ። ላስቲኩን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ደርድሩት፤ እንደ ኳስ ከተቋጠረ መሐሉ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ማታም ለማቅለጥ ያስቸግራል። ትንሿ በረዶ ቤት ሁሉንም ካልያዘች የሰኞና የማክሰኞውን ታች አድርጉት።

መብራት ሲሄድ ፍሪጁን አትክፈቱ። ተዘግቶ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁ ቢጠፋስ? በስኒ ውሃ በረዶ ቤት አስገቡና፣ በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ማታ ስትገቡ ሳንቲሙ ከላይ ካለ በረዶ ቤት ያለው ደህና ነው። ስኒው ሥር ወርዶ በረዶ ከያዘበት ግን ሁሉም ቀልጦ እንደገና በረዶ ሆኗል ማለት ነው፤ ያንን ቁሌት ጣሉት፣ አያሳዝናችሁ።

የድርቆሽ ወዳጅ
እንጀራውን ሙቀቱ ብቻውን አይደለም የሚያሻግተው፣ እርጥበቱም ጭምር ነው። ሳይበርድ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ያልበዋል፣ ላቡ ደግሞ ለሻጋታ ነው። ሙሉ ለሙሉ ይብረድ፣ ከሥርና ከላይ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሁንበት፣ ለሁለት ቀን የሚሆነው ብቻ ውጭ ይቅር። የሻገተውን ቆርጦ ሌላውን መብላት ልማድ ነው፤ ግን ለስላሳ ምግብ ላይ የሻጋታው ሥር ከሚታየው ነጥብ አልፎ ይሄዳል።

የተረፈውን በገዛችሁበት ቀን ማታ ቆራርጡትና በማግስቱ ፀሐይ ላይ አስጡት። የአዳማ ፀሐይ ለአንድ ነገር ከጠቀመች ለድርቆሽ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ኳ ይላል። ስትሰብሩት ከታጠፈ ገና ነው፣ መልሱት። አቧራ እንዳይገባ ከላይ ስስ ነጠላ ነገር ጣል አድርጉበት። ደርቆ በክዳን ዕቃ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። ማታ አንድ ቁሌት በአንድ ተኩል ብርጭቆ ውሃ አፍሉ፣ ጨው አስተካክሉ፣ 4 እፍኝ ድርቆሽ ጨምሩና ወዲያው አውርዱ። ከፈላ በኋላ እሳት ላይ ከቆየ ገንፎ ይሆናል። ከኢንዶሚ ይፈጥናል ብል አልዋሽም።

ኢንዶሚውንም እርግፍ አድርጋችሁ አትተዉት፤ ቅመሙን ግማሹን ብቻ ጨምሩ፣ ጨው ይበዛዋልና። አንድ እንቁላልና የተከተፈ ጎመን ጣል አድርጉበት።

እጅዎ ይባረክ
ስለ ሰሃኑ ማንም አልመለሰም። እማማ ምግብ አይፈልጉም፣ እናንተ የምትሠሩት ወጥ ደግሞ ከሳቸው አይበልጥም (አትቀየሙኝ)። ሰሃኑን በደንብ አጥባችሁ ብርቱካን ወይም ማንጎ አድርጉበት፤ ፍራፍሬ ጾምም ፍስክም አይለይም። ሳምንት በሳምንት ግን አይሁን፣ ብድር መመለስ ይመስልባችኋል። በወር አንዴ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር ይዛችሁ ግቡ። የግድ የበሰለ ነገር እንስጥ የምትሉ ከሆነ ቅቤና ሥጋ በማያውቀው ድስት የተሠራ ቁሌት ይሁን፣ ስትሰጡም የዘይት መሆኑን ንገሯቸው።
ከሁሉ በላይ ውሃ ሲመጣ ጀሪካናቸውን ሙሉላቸው። ሰሃኑን ስትመልሱ በር ላይ ጥላችሁ አትሩጡ፣ ገባ ብላችሁ «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ» በሉ።

ሁለት ላጤ
እግዜር ይስጥልን ሁላችሁንም። ጀሪካኑን እንዴት እንዳላሰብነው! አንድ ብቻ፦ 2 ኪሎውን ሽንኩርት በአንድ ጊዜ የሚይዝ ድስት የለንም።

ሙያ በልብ
በሁለቱ ድስት ክፈሉትና ተራ በተራ ጣዱ። እስከ አፉ ከሞላ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ከግማሽ አይለፍ። መጀመሪያ የተቁላላው ሲመጥ ስለሚያንስ ሁለተኛውን እሱ ላይ ገልብጡት፤ ዘይትና በርበሬው ከዚያ በኋላ ይግባ።