ቤታ ካቴኒን ግራ አጋብቶኛል፣ እርዱኝ
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ሆኜ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ቤታ ካቴኒን የተባለው ፕሮቲን በትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ያለውን ድርሻ በነፃ ከሚገኘው የቲሲጂኤ (የካንሰር ጂኖች መረጃ ቋት) ዳታ ለማየት ነበር ሐሳቤ። ላብራቶሪ የለኝም፤ ያለችኝ 4 ጊጋ ራም ያላት ላፕቶፕ ናት።

የአርኤንኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ) መጠኑን ሳነጻጽር በዕጢውና በጤናማው አንጀት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አጣሁ። ለካ ቤታ ካቴኒንን ለማፍረስ የሚረዳው ኤፒሲ ጂን ሲበላሽ ፕሮቲኑ ሳይፈርስ ይከማቻል እንጂ አርኤንኤው የግድ አይጨምርም! ዘግይቶ ነው የገባኝ። የሁለት ወር ልፋቴን ጣና በላው በሉት።

አሁን ሲፒታክ ወደተባለው የካንሰር ፕሮቲን ዳታ ልዙር ወይስ ቤታ ካቴኒን የሚቀሰቅሳቸውን እንደ አክሲን2 ያሉ ጂኖች ልይ? የሞከራችሁ ካላችሁ ለዚች ደካማ ላፕቶፕ የሚሆን መንገድ ጠቁሙኝ። አማካሪዬ ዓርብ ይጠብቁኛል።