ፎረንሲክ ሐኪም ያለባቸው የወንጀል ልብ ወለዶች፦ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ አንባቢያን የቀረበ ጥቆማ

አስከሬን መርማሪ ሐኪም ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነባቸውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ከየትኛው ደራሲ እንጀምር ለምትሉ፣ መልሴ ፓትሪሺያ ኮርንዌል ናት፤ ከእሷም እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመውን «ፖስትሞርተም» አስቀድሙ። ኮርንዌል ሐኪም ባትሆንም ሪችመንድ ከተማ በሚገኘው የቨርጂኒያ ግዛት ዋና አስከሬን መርማሪ ቢሮ ለዓመታት ሠርታለች፤ በዚህም ምክንያት የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ዶክተር ኬይ ስካርፔታ ከሬሳው ጋር የምታሳልፈው ጊዜ እውነተኛ የሙያ ሥራ እንጂ ለታሪኩ ማጣፈጫ የገባ አይመስልም። በዚያ ዘመን የዲኤንኤ ምርመራ ገና አዲስ ስለነበር ውጤት የሚጠበቅባቸው ገጾች ለዛሬ አንባቢ ሊጓተቱ ይችላሉ፤ ለእኔ ግን የመጽሐፉ ብርታት ያለው እዚያው ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ልብ ወለድ የምመዝነው ሐኪሙ የሞትን ሰዓት በሚናገርበት ገጽ ነው። ሬሳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከመንጋጋው ጀምሮ መገተር ይጀምራል፣ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካሉ ይገተራል፣ ከዚያም በአንድ ቀን ተኩል ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መልሶ ይላላል የሚባለው ስሌት ለመካከለኛ የአየር ጠባይ የሚሠራ ነው፤ ብርድ ያዘገየዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። በተመሳሳይ ሰዓት ከሞቱ ሁለት ሰዎች አንዱ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን በኅዳር ውርጭ ደጅ ቢያድር፣ ሌላው ጣርማ በርን ወርዶ በሸዋ ሮቢት ቆላ ቢገኝ፣ ሰውነታቸው ለመርማሪው የሚሰጠው ምስክርነት አንድ አይሆንም። የአየሩን ሁኔታ ሳይጠይቅ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሞቷል» ብሎ የሚደመድም ሐኪም የገባበትን መጽሐፍ እኔ እዚያው ላይ እዘጋዋለሁ።

ፍጥነት የሚሻ ሰው ቴስ ጌሪትሰንን ይምረጥ። ጌሪትሰን ራሷ የውስጥ ደዌ ሐኪም ስትሆን፣ የቦስተኗ አስከሬን መርማሪ ሞራ አይልስና የፖሊስ መርማሪዋ ጄን ሪዞሊ አብረው የሚሠሩባቸው መጻሕፍቷ እንቅልፍ ይነሳሉ፤ ጭካኔው ግን ስለሚበረታ ለልጆች አልመክራቸውም። ካቲ ራይክስ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ (የሟቾችን አጥንት ለወንጀል ምርመራ የሚያጠና ሙያ) ባለሙያ በመሆኗ የምታተኩረው አጥንት ላይ ነው። ከመጻሕፍቷ የተነሣውን «ቦንስ» የተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ወድዶ ወደ እሷ የሚሄድ ሰው፣ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ብሬናንን በመጽሐፉ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሆና እንደሚያገኛት ይወቅ።

በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። አስከሬን ለምርመራ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሲላክ፣ ለቀስተኛው ድንኳን ጥሎ ቀብሩን የሚጠብቅበትን ጊዜ ከእኛ ደራሲያን አንዱ ቢጽፈው ከሁሉም በፊት አነብበው ነበር።

አገኛኘቱን በተመለከተ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች መግዛት ይረክሳል፤ ነገር ግን ተከታታዩን በቅደም ተከተል ማግኘት ስለሚያስቸግር ለአዲስ አበባ መንገደኛ የመጽሐፎቹን ስም ጽፎ መስጠትና እዚያ ካሉ መጽሐፍ ሻጮች ማስፈለግ ይሻላል። በስልክ ማንበብ ለቅደም ተከተሉ ይመቻል፤ ለረጅም ንባብ ግን ዓይን ያደክማል። አሮጌውን የምትገዙ ሰዎች ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጣችሁ እዩ፤ ገዳዩ የሚታወቅበት ሉክ ተገንጥሎ የቀረ መጽሐፍ በርካሽም አያዋጣም።