ለራዲያተር ስታኞ የሚሆን ርካሽ እርሳስ ድሬ ላይ ከየት ይገኛል?

ጠያቂ፣ ሳቢያን
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የራዲያተር መበየጃ ቤት አለችኝ። የምሠራው የድሮ የጭነት መኪና ራዲያተር ነው፣ መዳብና ናስ። መበየጃው ስታኞ የቲንና የእርሳስ ቅይጥ ነው፣ ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ስለዚህ ቲኑን ገዝቼ እርሳሱን ራሴ አቅልጬ ልቀላቅል አሰብኩ። እርሳስ በርካሽ ከየት ላግኝ? ግቢዬ ውስጥ አራት የሞቱ የመኪና ባትሪዎች አሉ። እነሱን ሰብሬ ባቀልጥስ?

ጎሚስታ፣ ታይዋን አካባቢ
አቦ፣ ባትሪውን ተወው! ጎማ ባላንስ ስናደርግ ከቸርኬው የምንነቅላቸውን ትናንሽ ክብደቶች በጣሳ እናጠራቅማለን። ጣሳው ሲሞላ ለቁራሌው እንሸጣለን። እሱ ከሚከፍለን ትንሽ ጨምረህ ና፣ እምቢ የሚልህ የለም።
ብቻ ሁሉም እርሳስ አይደለም። ማግኔት ይዘህ ና። ማግኔቱን መያዣዋ ላይ ሳይሆን ሆዷ ላይ አድርገው፣ መያዣዋ ሁሌም ብረት ናት። ማግኔት ያልያዘውን በፒንሳ ንከሰው። እርሳስ ከሆነ የፒንሳው ጥርስ ይገባበታል። ዚንክ ከሆነ አይበገርም። አንዷ ዚንክ ብታመልጥህም አትደንግጥ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ዚንክ እስከ 419 ይቆያል። እሳቱን ካላበዛህ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ በማንኪያ ትለቅመዋለህ።
ደግሞ ቁራሌው ለምን እንደፈለግከው ቢጠይቅህ ራዲያተሩን አሳየው። እርሳስ ሲባል ብዙ ሰው ጥይት ነው የሚመጣበት። እሱ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይሠራም፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ።

ባትሪ ሻጭ፣ መጋላ
ወንድሜ፣ ባትሪ ቤት ውስጥ አይሰበርም። ከውስጡ በቀላሉ ቀልጦ እርሳስ የሚሆነው ፍርግርጉና ምሰሶው ብቻ ነው። ፍርግርጉ ላይ የተለጠፈው ጭቃ የእርሳስ ኦክሳይድና ሰልፌት ነው። በከሰል ምድጃ በወጉ ወደ እርሳስ አይመለስልህም፣ መርዛማ ብናኝ ሆኖ ግቢህ ውስጥ ይቀራል። እኛ ሰፈር ባትሪ የሚሰበርበት ግቢ ነበር። አሲዱ የፈሰሰበት ቦታ ዛሬም ሣር አላበቀለም። አራቱንም እንዳሉ፣ ሳትከፍታቸው ሽጣቸው። በብሩ የተዘጋጀ እርሳስ ግዛ።

የምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ፣ ከዚራ
ልጄ፣ የጎሚስታው ምክር መልካም ነው። ለአንተ ሥራ ግን አይሆንም። የጎማ ክብደት እንዲጠነክር አንቲሞኒ ይገባበታል። ናስ ውስጥ ደግሞ ዚንክ አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ብየዳው ተሰባሪ ይሆናል። ራዲያተሩ ከቤትህ ሲወጣ ደህና ይመስላል። ሰውዬው ጭኖ ደንገጎን ሲወጣ፣ ሙቀቱና ንዝረቱ ሲበዛበት፣ መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ ስምህ ነው የሚጠፋው።
አንተ የምትፈልገው ለስላሳውን እርሳስ ነው። የድሮ የውሃ ቱቦ፣ ከአሮጌ ቤት ጣሪያ የወረደ የእርሳስ ሉህ። በጥፍርህ ጫረው፣ ምልክት ከተወ ያ ነው። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ አሮጌ ብረት የሚሸጡትን ጠይቅ። የኬብል የእርሳስ ልባስ ይዞ የሚመጣ ካለ ግን ከየት እንዳመጣው ሳታውቅ አትግዛ። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።
ለራዲያተር 40 እጅ ቲን፣ 60 እጅ እርሳስ በቂ ነው። በ183 ዲግሪ መለስለስ ይጀምራል፣ 238 አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይፈሳል። እርጥብ ነገር የቀለጠው ውስጥ እንዳትጨምር አደራ። ቱቦ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ጠብታ ውሃ ስትሰምጥ እርሳሱን ሽቅብ ትረጨዋለች። እኔ የክንዴ ጠባሳ ከዚያ ነው። ቱቦውን ሰንጥቀህ ክፈተው፣ ፀሐይ ላይ አውለው፣ ማንኪያውንም አሙቀው።

ነርስ፣ ሐረር
እኔ ስለ ልጆቹ ልጠይቅህ። ግቢው ውስጥ ልጆች አሉ? ካሉ እዚያ አታቅልጥ። የልጅ ሰውነት እርሳስን ከአዋቂው በብዙ እጥፍ ይስባል፣ የሚጎዳውም አእምሮውን ነው። ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም። ሲቀልጥ ከላዩ የምትገፈው ግራጫ አመድ ነው ዋናው ጠንቅ። ክዳን ባለው ጣሳ አስቀምጠው፣ አትጥረገው። የሥራ ልብስህን እዚያው ሱቅ ቀይር። እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ ጫት እንዳትነካ። ያቀለጥክበት ድስትም ወደ ማድቤት አይመለስ።

ጠያቂ፣ ሳቢያን
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ እህቴ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ ገና ትድሃለች። ማቅለጡን ወደ ሱቁ ጓሮ አዛውራለሁ፣ እዚያ ሰው አይኖርም፣ አየሩም ክፍት ነው። ባትሪዎቹን ነገ እሸጣለሁ። ጋሼ፣ ቅዳሜ ሐረር እወጣለሁ። ያገኘሁትን ቁራጭ ይዤ ከዚራ ብመጣ ያዩልኛል?

የምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ፣ ከዚራ
ና ልጄ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ና። ቢላም ይዘህ ና፣ ቆርጠን ውስጡን እናየዋለን።