በሕይወት አድን ንጥረ ነገር ውስጥ ስኳር ለምን ገባ?

የባዮሎጂ መምህርት
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ንጥረ ነገሮች የሴልን ሽፋን እንዴት እንደሚያልፉ ሳስተምር አንዲት ተማሪ ለታናሽ ወንድሟ ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን የኦ አር ኤስ (ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) እሽግ ይዛ መጣችና «የጠፋው ውሃና ጨው ከሆነ ስኳሩ ምን ያደርጋል?» ስትል ጠየቀችኝ። እሽጉ ላይ 2.6 ግራም ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ ተብሎ ተጽፏል። «ለጉልበት ነው» አልኳት፤ መልሴ ግን ራሴንም አላረካኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ጤና መኮንን
ውድ መምህርት፣ ስኳሩ በዋናነት የገባው ጨውን ለማስገባት ነው። የትንሹ አንጀት ሴሎች ምግብ በሚያልፍበት በኩል ባለው ሽፋናቸው ላይ በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየምና ግሉኮስን አጣምሮ የሚያስገባ ፕሮቲን አላቸው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ ያሳልፋል። ውሃን ለብቻው የሚስብ ፓምፕ ስለሌለ፣ ውሃው በኦስሞሲስ (የሟሟ ነገር ወደ በዛበት ጎን በማለፍ) እነዚህን ተከትሎ ይገባል። የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ሮበርት ክሬን ይህን የጥንድ ጉዞ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ አቅርቦታል። የኮሌራ መርዝ የአንጀትን ሴል ክሎራይድና ውሃ ወደ ውጭ እንዲያፈስ ቢያስገድደውም ይህን መግቢያ አይዘጋውም፤ አተት የያዘው ሰው እየጠጣ ሊድን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ ውስጥ ቦንጋኦን በሰፈሩ ስደተኞች ላይ ኮሌራ ሲነሣ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ያለቀባቸው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የስኳርና የጨው ውህድ በማጠጣት 30 በመቶ ገደማ የነበረውን ሞት ወደ 4 በመቶ ያህል ዝቅ አድርገውታል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የገባው ሶዲየም በሴሉ ውስጥ ቢጠራቀም ሴሉ ውሃ ስቦ ባበጠ ነበር። ይህ የማይሆነው በደም ሥር በኩል ባለው ሽፋን ላይ ያለው ፓምፕ አንድ ኤቲፒ (ለሴሉ ጉልበት የሚሰጥ ሞለኪውል) እያወጣ ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ፣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ስለሚያዘዋውር ነው። ዴንማርካዊው ሳይንቲስት የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ላሳወቀው ለዚህ ፓምፕ በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ፓምፑ ቢቆም በሴሉ ውስጥ ያለው ሶዲየም ስለሚበዛ ከውጭ ሌላ ሶዲየም አይገባም፤ ከእሱ ጋር ተጣምሮ የሚገባው ግሉኮስም መግባቱን ያቆማል። ስለዚህ ጉልበት የሚወጣው እዚህ ላይ መሆኑን ለተማሪዋ ቢነግሯት መልካም ነው።

የባዮሎጂ መምህርት
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተማሪዋ እናት ግን ልጁ እንዲጠጣላቸው ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምረውበት ነበር። ይህ ይጎዳል?

ጤና መኮንን
አዎን፣ ይጎዳል። ከሴሎቹ የማሳለፍ አቅም በላይ የሆነው ስኳር አንጀት ውስጥ ይቀርና ውሃውን ከሰውነት ወደ ራሱ ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀድሞውን በሊትር 311 ሚሊኦስሞል (በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን መለኪያ) ወደ 245 ያወረደውም ውህዱ እንዲቀጥን ነው። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀው እሽግ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ብቻ ይበጥበጥ፣ ልጁ እምቢ ካለም በማንኪያ ትንሽ በትንሽ ይሰጠው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ።